ሻይ ቅጠልም ቶናና በረካ አለው እንዴ?

ማርቆስ_ዳገት፦ ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 2:20

ሰላም ናችሁ ወገኖች? ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ብርዱ አጥንት ድረስ ገብቷል። ሰሞኑን ከሻይ ሌላ ወሬ የለንም።

ታናሽ ወንድሜ መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ከቻይናውያን ጋር ይውላል። ባለፈው ሲመጣ በቆርቆሮ የታሸገ ሻይ ቅጠል ይዞልኝ መጣ። ስከፍተው እኛ የምናውቀውን ሻይ ቅጠል አይመስልም። ከሽንብራ አነስ ያለ፣ የተጠቀለለ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነገር ነው። ሽታው ግን አበባ አበባ ይላል።

እኔም እንደ ልማዴ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ በራድ ውስጥ ጨመርኩ። ቀረፋና ቅርንፉድ ጣል አደረግኩ። አሥር ደቂቃ አንተከተኩት። ክዳኑን ሳነሳ በራዱ ጎመን በጎመን ሆኗል! ቅጠሉ ተዘርግቶ እስከ አፉ ሞልቷል። ቀድቼ ስጠጣው ይመራል፤ ምላስ ያስራል። ስኳር ብጨምር ብጨምር ወይ ፍንክች።

ወንድሜ ራሱን ያዘ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሰባት ጊዜ ውሃ እየተደረገበት ነው የሚጠጣው። የሰባት ዙር ሻይ ባንዴ ጨመቅሽው» አለኝ። ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የራሳችንን፣ ከሱቅ የምንገዛውን ሻይ ቅጠል ወሰድኩና ከተጠጣ በኋላ ሁለተኛ ውሃ ጨምሬ አፈላሁት። የታጠበ ብርጭቆ ውሃ ሆነ። ይባስ ብሎ አማቴ ደርሰው አዩኝ። «ልጄ፣ ሻይ ቅጠል ጠፋ እንዴ? ንገሪኝ እንጂ እኔ እገዛ አልነበር?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ከአንድ አተላ ሦስቴ ይጠጣል። ሻይ ሲሆን ለምን ነውር ሆነ? ወንድሜ እውነቱን ነው ወይስ ቻይኖቹ ቀልደውበት ነው?

---

እንጅባራ_ብርድ፦ ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 2:41

ማርቆስ ብርድ አለ ብለሽ ነው? እንጅባራ ነይና ብርድ ምን እንደሆነ እናሳይሽ። እዚህ ሻይ ሰባት ዙር የሚጠጣው ሰባት በራድ ተፈልቶ ነው።

---

ፍኖተሰላም_ሻይ፦ ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 3:10

እህቴ፣ አማትሽ ልክ ናቸው። እኔ ፍኖተ ሰላም ሻይ ቤት ከከፈትኩ ብዙ ዓመቴ ነው። አንዴ የፈላ ቅጠል ደግሞ ማፍላት እኛ ዘንድ ሌብነት ነው።

ልጅ ሆኜ የተቀጠርኩበት ቤት ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። ባለቤቱ ጠዋት የገባውን ሻይ ቅጠል እስከ ማታ አያወጣውም። ውሃ ሲጎድል ውሃ፣ ውሃ ሲጎድል ውሃ። ከሰዓት በኋላ ቀለሙ ሲጠፋ ስኳር ያሳርርና ጠብ ያደርግበታል። ወዲያው ቡናማ ይሆናል። ገበያተኛው ደክሞት ስለሚመጣ ትኩስ ከሆነለት ዝም ብሎ ይጠጣል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ፉት አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይሄ ሻይ ስንተኛ ልጁን ወለደ?» አሉኝ። እስካሁን አልረሳውም።

በዚያ ቀን የራሴን ቤት ከከፈትኩ አንድ ቅጠል ሁለቴ አላፈላም አልኩ። አላፈላሁምም።

---

የዘጌ_ልጅ፦ ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 3:32

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ የሚሉት ማታለልን ነው። እሷ የጠየቀችው ሌላ ነው። ደንበኛው ሳያውቅ የተቀዳለት እና ሁሉም እያወቀ፣ ስም ወጥቶለት የሚጠጣ ነገር አንድ አይደሉም። በረካን ማን ሌብነት ይላል? ሳይጠጣ የሄደ ሰው እንኳ «ምነው፣ በረካውን ሳትጠጣ?» ነው የሚባለው።

እኔ ያደግኩት ቡና ጓሮ ውስጥ ነው። ዘጌ፣ ጣና ዳር። እናቴ ለቶና ውሃ ብቻ ነው የምትጨምረው፤ ዱቄት አትጨምርም። ጎረቤታችን ግን ትንሽ ትጨምራለች። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ሲከራከሩ ስንት ዓመት ሞላቸው መሰላችሁ! እናቴ «ዱቄት የገባበት ቶና ሌላ አቦል ነው» ትላለች።

---

ባሕርዳር_ኪራይ፦ ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 4:05

እኔ ተከራይቼ የምማር ተማሪ ነኝ። ባለ ክሩን ከረጢት ሻይ ሁለቴ እጠቀማለሁ። ሁለተኛውን ጓደኛዬ ይጠጣዋል። እስካሁን አላወቀም። ይህን መድረክ እንደማያነብ ተስፋ አለኝ።

---

ጠመኔ_በእጄ፦ ሐምሌ 10፣ ከጠዋቱ 1:15

ማርቆስ_ዳገት፣ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ እዚያው ከተማሽ ነኝ። ወንድምሽም አማትሽም አልተሳሳቱም። የሚያወሩት ስለ ሁለት ዓይነት ሻይ ነው።

ሱቅ የምንገዛውን ሻይ መዳፍሽ ላይ አድርገሽ እዪው። እንደ ባሩድ የደቀቀ፣ ክብ ክብ ያለ ፍንካች ነው። ሲቲሲ የሚባል አሠራር ነው። ቅጠሉ ጥርስ ባላቸው ሁለት ብረት ሮለሮች መሃል ያልፋል። ይጨፈለቃል፣ ይቦጫጨቃል፣ ይጠቀለላል። ማሽኑ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ህንድ አሳም ውስጥ የተሠራ ነው። ከውሽ ውሽና ከጉማሮ የሚመጣው የአገራችን ሻይም አብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው የሚዘጋጀው። የተሠራበት ዓላማም ግልጽ ነው። ቶሎ እንዲጠቁር፣ ወተትና ስኳር እንዲችል፣ ትንሽ ቅጠል ብዙ ብርጭቆ እንዲሞላ ነው።

ወጥ ስትሠሪ አስቢው። ዛላውን በርበሬ እንዳለ ወጥ ውስጥ ብትጥይው ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። አውጥተሽ ሌላ ድስት ውስጥ ብትከቺውም ገና ያቃጥላል። የተደቆሰው በርበሬ ግን ወዲያው ያለውን ሁሉ ይሰጣል። ሻይም እንዲሁ ነው። የደቀቀው ቅጠል ውሃ የሚነካው ገጽታ ብዙ ስለሆነ ሦስት አራት ደቂቃ ከፈላ ቆሌው ተገፈፈ። ሁለተኛ ውሃ ምን ያገኛል?

የወንድምሽ ቅጠል ደግሞ ሙሉውን ነው የተጠቀለለው። መጀመሪያ ውጩ ይርሳል። ቀጥሎ መሃሉ ይፈታል። በሦስተኛው በአራተኛው ውሃ ነው ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋው። አንቺ ግን አሥር ደቂቃ ስላንተከተክሽው ጣፋጩም መራራውም ባንድ ላይ ወጣ። ምላስ የሚያስረው ታኒን የሚባለው የቅጠሉ ንጥረ ነገር ነው። ሙቀትና ጊዜ ሲያገኝ ይብሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። በግምት በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳል። እኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው ማለት ነው። ባሕር ዳር 94 ገደማ ይሆናል። የፈለገውን ያህል እሳት ብታነጂበት ከዚያ አያልፍም፤ ቶሎ ይተናል እንጂ። ተማሪዎቼን «ማርቆስ ባቄላ ለምን ይዘገያል?» ብዬ የምጠይቃቸው ለዚህ ነው።

---

እንጅባራ_ብርድ፦ ሐምሌ 10፣ ከጠዋቱ 1:40

መምህር፣ እንጅባራ ስንት ዲግሪ ነው? ሚስቴ ሽሮው አልበስል ያለኝ በከፍታው ነው እያለች እንድታመካኝ።

---

ጠመኔ_በእጄ፦ ሐምሌ 10፣ ከጠዋቱ 1:52

ከማርቆስ ትንሽ ከፍ ትላላችሁ፤ ልዩነቱ ግን ግማሽ ዲግሪም አይሞላም። ሽሮው ላይ እኔን አታስገባኝ።

---

ጓንዡ_ነበርኩ፦ ሐምሌ 10፣ ከቀኑ 6:30

የቢቸና ልጅ ነኝ። ቻይና፣ ጓንዡ ተምሬ ነው የመጣሁት። ወንድምሽ አልቀለደብሽም። ከገለጻሽ ኡሎንግ ይመስለኛል። ግማሽ መንገድ ድረስ ብቻ እንዲጠቁር የሚደረግ ሻይ ነው፤ በአረንጓዴውና በጥቁሩ መሃል ማለት ነው። ፉጂያን ክፍለ ሀገር፣ አንሺ የሚባል ቦታ ቲዬ ጓን ዪን የሚሉት አለ። እንደነገርሽን እየተጠቀለለ፣ አበባ አበባ የሚሸት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋብዙኝ የሆነውን ልንገራችሁ። የዩኒቨርሲቲ መምህሬ ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ክዳን ያለው ትንሽ ሲኒ አለ። ጋይዋን ይሉታል። ግማሹን በቅጠል ሞላው። በልቤ «ይሄ ሰውዬ አብዷል» አልኩ። ፈላ ያለ ውሃ አፈሰሰበትና ወዲያው ደፋው! አጠበው ማለት ነው። ሁለተኛ ውሃ አደረገና ወደ ሃያ ሰከንድ ቆይቶ በትንንሽ ሲኒ ቀዳ። ሲኒው ከእኛም ሲኒ ያንሳል። ሁለቴ ፉት ስትሉት አለቀ። ቀዳ። ቀዳ። ደግሞ ቀዳ። ጨዋታው ሳያልቅ ቅጠሉ ስምንት ጊዜ ውሃ ጠጣ። ሲጣፍጥ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ሦስተኛው ነበር።

ያን ቀን የታወሰኝ እናቴ ረከቦቷ አጠገብ ተቀምጣ ነው። ወሬው ሲኒው ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንዱ ዙር እስኪያልቅ ሌላው ይፈላል። ተነስቶ መሄድ አይቻልም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለአንድ መቶ ሚሊ ሊትር ውሃ አምስት ግራም ያህል ቅጠል። ሚዛን ከሌለሽ ሁለት ጢም ያሉ የሻይ ማንኪያዎች በቂ ናቸው፤ የተጠቀለለው ቅጠል ትንሽ መስሎ ብዙ ነው። ጋይዋን ከሌለሽ የራስሽ ሲኒ ይበቃል። ትልቁን ሲኒ ውሰጂ፤ የሲኒውን ማስቀመጫ ገልብጠሽ ክደኚው። ጣትሽ እንዳይቃጠል ከንፈሩን ያዢ። መጀመሪያ ሃያ ሰከንድ። ቀጥሎ አሥራ አምስት፣ ቅጠሉ ተነቃቅቶ ስለሚጠብቅ። ከዚያ በየዙሩ አሥር አሥር ሰከንድ ጨምሪ። ከአምስተኛው በኋላ ደቂቃም ቢቆይ ችግር የለውም።

አንድ ነገር አደራ። ውሃውን ሙልጭ አድርገሽ አንጠፍጥፊ። ታች የቀረችው ውሃ ናት ቀጣዩን ዙር የምታመርረው።

---

የዘጌ_ልጅ፦ ሐምሌ 10፣ ከቀኑ 7:02

«ጨዋታው ሳያልቅ ቅጠሉ ስምንት ጊዜ ውሃ ጠጣ» 😂 ቻይናም ጎረቤት ይጠራል ማለት ነው?

---

ጓንዡ_ነበርኩ፦ ሐምሌ 10፣ ከቀኑ 7:20

ቻይና ብቻ መሰለህ? መኝታ ክፍል የተጋራኝ ልጅ ማሊያዊ ነበር። እነሱ የቻይናን አረንጓዴ ሻይ በትንሽ በራድ ከሰል ላይ ያፈላሉ። ስኳር እንደ ጉድ ይገባል፤ ናና ይገባል። ከዚያው ቅጠል ሦስት ዙር ይጠጣል። ልክ እንደኛ ሦስት! የመጀመሪያው መራራ ነው፤ እየሄደ እየጣፈጠ ይመጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ስነግረው ተነስቶ አቀፈኝ።

---

ፍኖተሰላም_ሻይ፦ ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 1:15

የዘጌ ልጅ፣ የተናገርከው ገብቶኛል። ማታለል ማታለል ነው። ይሁን እንጂ የእኔ ደንበኛ ቆሞ የሚጠጣ ገበሬና ሹፌር ነው። ሃያ ሰከንድ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ብዬ ሰዓት ስይዝ መኪናው ጥሎት ይሄዳል።

ሰባት ዙር የሚለው ለሥራ ፈት ነው እንዳልል፣ ቡናውም ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

---

የእማማ_የልጅ_ልጅ፦ ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 2:00

ዳንግላ ነኝ። ይህን ክር ለእማማ እያነበብኩላቸው ነው። የእሳቸው ሐሳብ፦ «ቅጠሉን ተዉት፣ ቅመሙን ነው ደግሞ ማፍላት።»

እማማ ሻይ ሲያፈሉ እንጨት ቀረፋውን፣ ዝንጅብሉንና ኮረሪማውን ከቅጠሉ ለይተው በመጀመሪያ በውሃ ይቀቅላሉ። ሻይ ቅጠሉን ከእሳት ሲያወርዱ ነው የሚጨምሩት። ሁለት ደቂቃ ከድነው ያጠሉታል። ቅጠሉ ይጣላል፤ ቀረፋው ግን ታጥቦ ይቀመጥና ከሰዓት በኋላ እንደገና ይፈላል። ወፍራሙ ቀረፋ ሦስቴ ይፈላል ይላሉ። ዝንጅብል ሁለቴ። ቅርንፉድ ግን አንዴ ብቻ፤ «እሱ ጉልበተኛ ነው፣ ሁለቴ ከገባ ቤቱን የጥርስ ሐኪም ቤት ያደርገዋል» ብለው ሳቁ።

ጦስኝ ከሆነ ደግሞ እሳት አያሳዩትም። የፈላ ውሃ ያፈሱበትና ይከድኑታል። ሁለተኛ ውሃ ይቀበላል፤ ሦስተኛውን እምቢ ይላል።

---

ጠመኔ_በእጄ፦ ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 2:18

እማማን ሳሙልኝ። ቅጠሉን ከእሳት አውርደው መጨመራቸው እኔ በግማሽ ገጽ የጻፍኩትን በሁለት ደቂቃ ጨርሶታል።

ማርቆስ_ዳገት፣ አንድ ሙከራ አለችኝ። የሱቁን ሻይ ሙሉ በሙሉ አትናቂው። መጀመሪያውኑ አሟጠሽ ስለምታፈይው ነው ለሁለተኛው የማይተርፈው። እስቲ አታፍዪው። ቅጠሉን ብርጭቆ ውስጥ አድርጊ፤ የፈላ ውሃ ጨምሪና በአንድ ደቂቃ ውስጥ አጥልዪው። ሁለተኛውን ውሃ አራት አምስት ደቂቃ አቆዪው። ከዚያ ንገሪን። ስኳሩን ቅጠሉ ያለበት ዕቃ ውስጥ እንዳታደርጊ፤ ከተቀዳ በኋላ ብቻ። ወተትም እንዲሁ።

---

ጤና_ጣቢያ_ሞጣ፦ ሐምሌ 11፣ ከጠዋቱ 3:05

ነርስ ነኝ። ሁሉን አንብቤ ሁለት ነገር ስላስፈራኝ ነው የገባሁት።

አንደኛ፣ ያደረ እርጥብ ቅጠል። ጠዋት የተጠጣበትን ቅጠል ከሰዓት በኋላ ውሃ ብትጨምሩበት ምንም አይደለም። ሙቅ ቤት ውስጥ፣ ርጥብ እንዳለ ያደረ ግን ባክቴሪያና ሻጋታ ይወደዋል። የሚሸት፣ የሚያዳልጥ ከሆነ ለአበባ መደብ ስጡት። እኔ ጽጌረዳዬ ሥር ነው የምደፋው።

ሁለተኛ፣ ሻይ ከምግብ ጋር። ከጤፍ፣ ከምስር፣ ከጎመን የምናገኘውን ብረት ታኒኑ ይይዘውና ሰውነት የሚወስደው ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር እናቶች ደም ማነስ አለባቸው ስንል ብዙ ጊዜ እንጀራ በልተው ወዲያው ሻይ ነው የሚጠጡት። ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት አርቁት። ጠንካራውም ቀጭኑም ያው ነው፤ ጠንካራው ይብሳል እንጂ።

በሌላ በኩል ደግሞ «መጀመሪያ ሠላሳ ሰከንድ አጥበህ ከደፋኸው ካፌይኑ ይወጣል፣ ማታ ብትጠጣ እንቅልፍ አይነሳም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አይወጣም። በሠላሳ ሰከንድ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። ሦስት አራት ደቂቃ ካቆያችሁት ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመጀመሪያው ውሃ ይወጣል፤ ሁለተኛው ለስለስ ይላል። እንደ እነ ጓንዡ በሰከንድ ከሆነ የሚጠጣው ካፌይኑ በየዙሩ ይከፋፈላል። ተደምሮ ያው ነው። እንቅልፍ የሚነሳችሁ ሰዎች፣ ሰባት ዙር ማታ አይሁን።

---

ባሕርዳር_ኪራይ፦ ሐምሌ 11፣ ከጠዋቱ 3:30

ማለትም ጓደኛዬን እንቅልፍ እንዲተኛ እየረዳሁት ነው። ሕሊናዬ ቀለለኝ።

---

ማርቆስ_ዳገት፦ ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 1:50

ሞከርኩት! ሁሉንም። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ የሱቁን ሻይ። መምህር እንዳሉት አላፈላሁትም። አንድ ደቂቃ ብቻ አቆየሁትና በማጥለያ ቀዳሁ። ደንበኛ ሻይ ነው! ቀለሙ እንደ ማር። ምላስ አያስርም። ባለቤቴ «ዛሬ ሌላ ሻይ ገዛሽ?» አለኝ። ሁለተኛውን ውሃ አምስት ደቂቃ አቆየሁት። ቀጠን ያለ ነው፤ የመጀመሪያውን ያህል አይሆንም፤ ግን ይጠጣል። ቀረፋ ቢገባበት ማንም አያውቅም። ሦስተኛው ግን በቃ፣ የብርጭቆ እጣቢ ነው። ጋሼ የነገሩን ሽማግሌ ቢቀምሱት «የልጅ ልጅ» ይሉት ነበር።

ቀጥሎ የቻይናው። ትልቁን ሲኒ አውጥቼ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨመርኩ። ማስቀመጫውን ገልብጬ ከደንኩ። ያን ሲኒ ገልብጬ ሳየው ታቹ ላይ «ቻይና» የሚል አለበት። ለካ ሲኒያችንም ያገሩ ልጅ ነበር። ውሃው እዚሁ ሲፈላ 92 ነው ስላሉኝ በቀጥታ ከእሳት አወረድኩና አፈሰስኩ።

የመጀመሪያውን ደፋሁት። ስደፋው አንጀቴ ተላወሰ፤ ግን ደፋሁት። ከዚያ ሃያ ሰከንድ። ሽታው ያምራል፣ አፍ ላይ ግን ገና ነው። ሁለተኛው ላይ ቅጠሉ መፈታት ጀመረ። ሦስተኛው... እንዴት ልበላችሁ። ያለ ስኳር ጠጥቼ ጣፈጠኝ ብል ታምኑኛላችሁ? እኔ፣ ሦስት ማንኪያ የምጨምረው! አራተኛው ከሁሉም በለጠብኝ። አምስተኛው ረጋ አለ። ስድስተኛውን ሁለት ደቂቃ አቆይቼ ጠጣሁት፤ የሣር ሽታ ያለው ሙቅ ውሃ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሰባተኛ አልደረስኩም። ጣቴን ሁለቴ ተቃጥያለሁ፤ ሲኒ ጆሮ የለውምና።

ሲያልቅ ቅጠሉን ሳህን ላይ ዘረጋሁት። ከነእንጨቱ ያለ ሙሉ ቅጠል ነው። ያ ሽንብራ የሚያክል ነገር የጣቴን ያህል ሆነ። ያኔ ነው «አሥር ደቂቃ አንተከተኩት» ያልኩት ያሳፈረኝ።

አሁን ወደ አማቴ። ሦስተኛው ላይ መጡ። ሲኒውን አይተው «ቡና ነው?» አሉ። «ሻይ ነው እማዬ» አልኳቸው። ቀዳሁላቸው። ፉት አሉና ዝም። ደግመው ፉት አሉ። «ስኳር የለውም» አሉ። «የለውም» አልኩ። «ስንተኛው ነው?» ሲሉኝ ልዋሽ አሰብኩ፤ ጓደኛውን ሻይ የሚያጠጣው ልጅ ትዝ አለኝና ተውኩት። «ሦስተኛው ነው፣ ከዚያው ቅጠል» አልኳቸው። ሲኒውን አልመለሱም። «እንግዲያ በረካው እንዲህ ከሆነ አቦሉን ለምን ደፋሽው?» አሉኝ።

ምን ልበል? መልስ አጣሁ። ጓንዡ፣ ለምን ደፋሁት?

---

ጓንዡ_ነበርኩ፦ ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 2:15

😂😂 አማትሽን ወደድኳቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለኡሎንግ መድፋቱ ግድ አይደለም። አንዳንዱ ቅጠሉ እንዲነቃ፣ አቧራም ካለ እንዲታጠብ ብሎ ይደፋል። አንዳንዱ አይደፋም። እኔ ጥሩ ቅጠል ከሆነ አልደፋም። የግድ የሚባለው ፑ ኤር ለሚሉት ነው። ዩናን ክፍለ ሀገር ተሠርቶ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ ተጨፍልቆ ለዓመታት የሚቀመጥ ሻይ ነው። የተለመደው ድፎ 357 ግራም ይመዝናል። እሱ ሲቆይ አቧራውም ስለሚኖር የመጀመሪያው ውሃ ይደፋል። ያንን ብታገኚ አሥር ዙር ያልፋል።

አረንጓዴ ሻይ ከመጣልሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። የእናንተ 92 ለእሱ ብዙ ነው። ከ75 እስከ 80 ነው የሚፈልገው። ውሃውን አውርደሽ፣ በሌላ ዕቃ ገልብጠሽ፣ ትንሽ ካወራሽ በኋላ አፍስሺ። እሱ ሁለት ሦስት ዙር ነው።

---

የዘጌ_ልጅ፦ ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 2:31

«ትንሽ ካወራሽ በኋላ» የሚለውን ወደድኩት። በዚህ ልኬት ዘጌ ውስጥ ውሃው በረዶ ይሆናል።

---

ፍኖተሰላም_ሻይ፦ ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 12:40

ሻይ ቤቱን ከመክፈቴ በፊት ነው የምጽፈው። ትናንት እንደ ማርቆስ ልጅ ሞከርኩ። ለራሴ ብቻ፣ ለደንበኛ አላቀረብኩም! ትልቁን ማንቆርቆሪያ ከእሳት አውርጄ ቅጠሉን ጨመርኩና ሁለት ደቂቃ ሲሆን አጥልዬ ፔርሙስ ውስጥ ከተትኩት። ቅጠሉ ውስጥ ስለሌለ እስከ ማታ አልመረረም። ለካ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ «ሻይህ ጠነከረ» የሚሉኝ ቅጠሉ ውስጡ ስለሚውል ነበር። እኔ ደንበኛ አጉረመረመ ብዬ ውሃ እየጨመርኩ ኖርኩ።

ሁለተኛውን ውሃ አፈሰስኩበትና የጠጣነው እኔና ዕቃ የሚያጥበው ልጅ ነን። ልጁ «ጋሼ፣ ዛሬ ሻዩ ታሟል?» አለኝ። እንግዲህ የሻይ ቤት ቃሌን አላፈርስም፤ ለቤት ግን ይሁን።

የማርቆስ ልጅ፣ ለገበያ ወደ ማርቆስ ብቅ እላለሁ። ከዚያ ከቆርቆሮው አንድ ጭብጥ ካልቀመስኩ አላምንም።

---

ማርቆስ_ዳገት፦ ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 2:10

ይምጡ ጋሼ፣ ደስ ይለኛል። ግን ቶሎ ይበሉ፤ አማቴ በቀን ሁለቴ መምጣት ጀምረዋል። ትናንት ጎረቤታቸውንም ይዘው መጡ። ቆርቆሮው ግማሽ ደርሷል። ወንድሜን ደወልኩለት፤ «ሰባት ጊዜ እኮ ነው የሚጠጣው፣ እንዴት አለቀ?» ይለኛል።

---

ፍኖተሰላም_ሻይ፦ ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 2:25

እሺ እመጣለሁ። ለመሆኑ ስኳሩ በስንተኛው ዙር ነው የሚገባው?

---

ማርቆስ_ዳገት፦ ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 2:27

ጋሼ!